ገና ሲመጣ የሚመጣው አባት

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጥቂት የማይባሉ ኢትዮጵያውያን መምህራንና ሐኪሞች ወደ ደቡባዊ አፍሪካ አገሮች በኮንትራት ይሄዱ ነበርና እሱም ሌሶቶ ሥራ አገኘ። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ትንሽ አገር ናት። ተራራማ ከመሆኗ የተነሣ ዝቅተኛው ቦታዋ እንኳ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እኛ የኖርነው ከፍ ባለው በሞኾትሎንግ አካባቢ፣ በአንዲት የገጠር መንደር ነው። በሰኔና በሐምሌ በረዶው ተራራውን ነጭ ያለብሰዋል፤ እረኞቹ ልጆች በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከብት ይነዳሉ።

እኛ ልጆች ቋንቋቸውን ሴሶቶን ቶሎ ለመድን። ሰላምታቸው «ኾትሶ» ነው፤ እንደ እኛው «ሰላም» ማለት ነው። ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ወንዱ ሁሉ «ንታቴ»፣ ሴቷ ሁሉ «ምሜ» ናቸው፤ አባቴና እናቴ እንደማለት። እናቴ ይህን ስትሰማ «እነዚህስ ያገሬ ሰዎች ናቸው» አለች።

ቢሆንም ልቧ አላረፈም። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ነው እያለች ለመስኮቱ መጋረጃ እንኳ አልሰቀለችም። ጤፍ ስለሌለ በማሽላ ዱቄት እንጀራ ልትጋግር ሞከረች፤ በብርዱ ምክንያት ሊጡ አልቦካ አላት። ጎረቤታችን ምሜ ይህን አይተው በጣሳ የሆነ ነገር ይዘው መጡ። «ቶሞሶ» ይሉታል፤ ሞቶሆ የሚባለውን ኮምጣጣ የማሽላ አጥሚት የሚያቦኩበት ነው። እናቴ አሸተተችውና «ይኸ እኮ እርሾ ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን እንጀራ አልጠፋም፤ የሁለቱም ወዳጅነት ጠነከረ።

የምሜ ባል ደቡብ አፍሪካ ወርቅ ማውጫ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን ከ100,000 በላይ የሌሶቶ ወንዶች እዚያ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ። የአፓርታይድ ሕግ ቤተሰብ ይዘው እንዲኖሩ ስለማይፈቅድላቸው ወንዶች ብቻ በሚያድሩበት ሰፈር ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ቤታቸውን የሚያዩት አልፎ አልፎ፣ በተለይም ለገና ነበር።

በመጀመሪያው ገና ንታቴ ብርድ ልብስና ሬዲዮ ተሸክመው መጡ። ትልልቆቹ ልጆች ሮጠው አቀፏቸው። የሦስት ዓመቷ ትንሿ ልጅ ግን አላወቀቻቸውምና ሸሽታ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። እሳቸው ከረሜላ ዘርግተው ቆመው ቀሩ። ልጅቷ ለመድ ስትል ፈቃዳቸው አለቀ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ወደ ሌላ አገር ብቻውን ሄዶ በእጥፍ ደመወዝ የመሥራት ዕድል አግኝቶ ነበር። እናቴ «ለልጆቼ እንግዳ አባት አልፈልግም» አለችው። አባቴ ብዙ አሰበና ቀረ። ይህ ዋጋ አስከፍሎናል፤ ለአያቴ ሊሠራላት የታሰበው ቤት ሳይሠራ ቀረ፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶችም ለረጅም ጊዜ አኩርፈውን ነበር። እናቴ ግን በወሩ መጋረጃ ገዛች፤ በጓሮም ጎመን ተከለች።

ይህን የምጽፈው ልጁን ለአያት ትቶ ሪያድ ወይም ቤይሩት የሚሠራውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። የምሜ ቤተሰብም ምርጫ አልነበረውም፤ ልጆቹ የሚበሉትና የሚማሩት በዚያ ደመወዝ ነበር። ለዚህም ነው ምሜ ከዚያ ገና በኋላ ያደረጉትን ላካፍላችሁ የወደድኩት። ድሮ ከባላቸው ደብዳቤ ሲመጣ ትልቁ ልጅ የሚያነበው ማታ፣ ትንሿ ከተኛች በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቷን ጭናቸው ላይ ሳያስቀምጡ ደብዳቤ አይከፈትም ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አድርገው ያሳዩዋታል። የንታቴን አሮጌ ኮፍያ ከግድግዳው አውርደው እያስነኩ «ይህ የአባትሽ ነው» ይሏታል።

ዛሬ ስልክ በየእጃችን አለ። ስትደውሉ ከአያት ጋር ስለ ገንዘብ ተነጋግራችሁ ብቻ አትዝጉ፤ ትንሹን ልጅ በስሙ አስጠሩት፤ የወተት ጥርሱ ወልቆ እንደሆነ ጠይቁት።

በሚቀጥለው ገና ከአውቶቡሱ መንገድ ዳር ቀድማ የደረሰችው ያቺው ትንሿ ልጅ ነበረች።