የሚሸጥ እና የማይሸጥ

አንዲት እንግዳ ከአዲስ አበባ ብቻዋን መጣች። ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። እንጅባራ አደረች። እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። ደጋ ስለሆነች ብርዷ ብርቱ ነው። እንግዳችን በማለዳ ጋቢ ደርባ ጠበቀችን። «አገራችሁን አንድ ቀን አሳዩኝ» አለችን። እሺ ብለን አብረናት ዋልን። ያየነውን እነሆ ጻፍንላችሁ።

ዘንገና ሐይቅ

መጀመሪያ ወደ ዘንገና ሄድን። ዘንገና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። ከእንጅባራ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ እንደ ድስት ክብ ነው። በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ትልቅ ጉድጓድ ቀረ። ጉድጓዱን ውኃ ሞላው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው ይባላል። አምስት ረጃጅም ባሕር ዛፎች አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆሙ ያን ያህል ይሆናሉ። «እንዴ! ይኼን ሁሉ ውኃ ሳላውቀው ኖርኩ?» አለች እንግዳችን።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር

ከሐይቁ ተነሥተን ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ሕንጻው ክብ ነው። ውስጡ ሦስት ክፍል አለው። እነሱም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት እና መቅደስ ናቸው። እንግዳችን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ ተሳለመች። ስልኳን ካወጣች በኋላ ግን ቆም አለች።

«አባ፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀች።

«ከውጭ አንሺ፣ ልጄ። ከውስጥ ግን ዓይንሽ ይበቃል» አሏት ቄሱ።

በቅጥሩ ውስጥ ጽድ፣ ወይራ እና ኮሶ አሉ። ትልልቅ ናቸው። እንግዳችን ቀና ብላ አየች። «እንዲህ ያለ ዛፍ በመንገድ አላየሁም። ለምን እዚህ ብቻ ሆነ?» አለች።

ቄሱም «እዚህ ምሳር አይገባማ!» አሉ።

እኛም የእንጅባራ የቀድሞ ስም ኮሶበር እንደነበረ ነገርናት። ድሮ አባቶቻችን የኮሶ ትል ሲይዛቸው የዚህን ዛፍ አበባ ነበር የሚጠጡት። «ታዲያ አገሩ ኮሶበር ከተባለ ኮሶው የት ሄደ?» አለችን። እርስ በርስ ተያየን። መልስ አልነበረንም።

በመንደር

ቀጥሎ በባንጃ ወረዳ ወዳለ አንድ መንደር ገባን። አጥሩ ቀርከሃ ነው። ቅርጫቱም ቀርከሃ ነው። ሰዉ በቤቱ የሚነጋገረው በአዊኛ ነው። አንዲት እናት በአማርኛ ተቀበሉን።

«ብቻሽን ነው የመጣሽው? ወንድም የለሽም?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።»

«አይ! እዚህ ቤት ከገባሽ ወዲያ ብቻሽን አይደለሽም።»

የተቀቀለ ድንች ቀረበ። ቡና ተፈላ። በደጅ አንድ ጎረምሳ ፈረስ ያጥባል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓሉ የዐድዋን ድል ያዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚታሰቡበት ነው።

ልንወጣ ስንል እንግዳችን ገንዘብ አወጣች። የእማማ ፊት ተለወጠ።

«ቡናዬን አልሸጥም» አሉ። ቀጥለው ግን ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «ቅርጫቱን ከወደድሽው እሱን ግዢኝ። እሱን የሠራሁት ለመሸጥ ነው።»

እንግዳችን ሳትከራከር ዋጋውን ከፈለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተሳሳሙ።

ወደ ዳንግላ

ከሰዓት በኋላ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ሞልቷል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል። ጤፉን ያጭዳል። ቀጥሎ ከዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ለከብት ያጭዳል። በ4 ወይም በ5 ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። መሬቱን መልሶ ያርሳል። በዚህ ብዙ ሰው ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ዛፉን በሽታ ገባበት። በሽታው እንደ ስንዴ ዋግ ያለ ነው። ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የጣለ ሰው ያን ጊዜ ተቸገረ።

ዳንግላ ስንደርስ ስለ አንድ የድሮ መንገደኛ አወራን። ስሙ ቺዝማን ይባላል። እንግሊዛዊ ነበር። ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የአገሩ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ። የዓባይን ሸለቆና የጣናን ገዳማት ዞሮ አየ። ያየውንም መጽሐፍ አድርጎ ጻፈው። እንግዳ ስለ አገራችን ጻፈ። እኛስ ምን ጻፍን?

እንግዳችን ወደ ባሕር ዳር ልትሳፈር ስትል «የኮሶውን ነገር እንዳትረሱ» አለችን። አልረሳንም።

እናንተም ደብተራችሁን አውጡ። በሰፈራችሁ ያሉትን ዛፎች ስም ጻፉ። በአማርኛም ሆነ በአዊኛ ጻፉ። የሚሸጠውን በአንድ ወገን፣ የማይሸጠውን በሌላ ወገን አድርጉ። የሚሸጠው ልጅ ያስተምራል፤ ስለዚህ ትከሉት። የማይሸጠውንም ትከሉ። እማማ ቅርጫታቸውን ሸጡ፤ ቡናቸውን ግን አልሸጡም። ቤታቸው በሁለቱም ቆሟል።