ደካማ ጎንህን ሲጠይቁህ

ደሴ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

የባንኩን የጽሑፍ ፈተና አልፈህ ለቃለ መጠይቅ መጠራትህን እህትህ ነግራኝ በጣም ደስ ብሎኛል። በስልክ ልመክርህ እችል ነበር፤ ግን በስልክ ስናገር «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ሲሆን ማታ ብቻህን ደግመህ ታነበዋለህ ብዬ አጎትህ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በእጁ ልኬልሃለሁ።

ስለ አለባበስና ቀደም ብሎ ስለ መድረስ አልጽፍልህም፤ ታውቀዋለህ። የምጽፍልህ «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው? ደካማ ጎንህስ?» ስለሚለው ጥያቄ ነው። ፐርሶኔል ክፍል ስሠራ በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ሲሰናከሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለ ትምህርታቸው ሲጠየቁ መልሱ ይወርድላቸዋል። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ወይ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ወይ የሸመደዱትን ያነበንባሉ።

አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ይህ ጥያቄ ሰውን ውሸት ከማስተማር በቀር አይጠቅምም ይሉ ነበር። በግማሹ እስማማለሁ። ቢሆንም ጠያቂዎቹ ለምን እንደማይተዉት ይገባኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ስለዚህ በባንኩ ኮሪደር ተሰልፈው የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ እሱን ያለፉ፣ ሁሉም አካውንቲንግ የተማሩ፣ ሁሉም ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የነካኩ ናቸው፤ ሲቪያቸውም ከአንድ ኮምፒውተር ቤት የወጣ ይመስላል። ወረቀትህ ከጎንህ ከተቀመጠው ልጅ አይለይህም። ለጠያቂዎቹ የሚቀራቸው ይህ ልጅ ራሱን ያውቃል ወይ፣ ሲታረምስ ይቀበላል ወይስ ያኮርፋል የሚለው ነው።

ደግሞ ጥያቄውን እንደ ጨዋታ እንዳታየው። በአግባቡ በሚመራ ቃለ መጠይቅ ለተወዳዳሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻው ነጥብ ይሰጣል፤ ኋላ ይደመራል። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ እንዲህ በሥርዓት የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ ሰው በሥራው እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ለመገመት እንደሚሻል አሳይተዋል። ስለዚህ ፈገግታህ ብቻውን አያሻግርህም። በነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር ስጣቸው። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ያለ ልጅ የሚጻፍ ነገር አልሰጠም።

ራስህን ማመስገን እንደሚያሳፍርህ አውቃለሁ፤ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ግን አያቶቻችንም በግብር አዳራሽ ይፎክሩ ነበር። ዘራፍ ብሎ የተነሣ ሰው «ጀግና ነኝ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ የት እንደዋለ፣ ምን እንደሠራ ይናገራል፤ አብሮት የዋለውም ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል። አንተም የዋልክበትን ተናገር። በተለማመድክበት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍሉ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19) ከዕቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድ ጋር አልገጥም ብሎ ሲያስቸግር፣ ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ተነሥተህ አንድ በአንድ እያመሳከርክ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ዕቃ እንዳገኘኸው ራት እየበላህ አጫውተኸኝ ነበር። «ትንሽ ነገር ነው» ትል ይሆናል። ለባንክ ትንሽ አይደለም። ችግሩ ምን እንደነበረ፣ አንተ ምን እንደታዘዝክ፣ ምን እንዳደረግህና መጨረሻ ላይ ምን እንደተገኘ ተርከው፤ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ከጨዋነት ብዛት ሁሉንም «እኛ ሠራን» እያልክ አታዳፍነው። አብረውህ የነበሩትን አመስግን፤ ያንተን እጅ ግን ለይተህ አሳይ። እንዳታጋንን ደግሞ። ጠያቂዎችህ ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ «ቢን ካርዱን ማን ነበር የሚይዘው? ስህተቱንስ በምን አረማችሁት?» የሚል ጥያቄ ቢከተል የሠራ ሰው አይደነግጥም።

ወደ ድክመቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

በደርግ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ግምገማ መጣ። ሠራተኛው በስብሰባ ፊት እየተነሣ ድክመቱን መናገር ነበረበት። ሰው ብልጥ ነውና የማይጎዳ ድክመት አዘጋጅቶ ይገባ ነበር፤ «የንባብ ባህሌ ዝቅተኛ ነው»፣ «የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለብኝ»። ይመዘገብለታል። በሚቀጥለው ግምገማ ያው ሰው ያንኑ ይደግማል። ዛሬ ልጆች ከኢንተርኔት ላይ የሚሸመድዱት «ሥራዬ እንከን ካለበት እንቅልፍ አይወስደኝም»፣ «ሥራ ስጀምር ራሴን እረሳለሁ» የሚለውም የዚያው ዘር ነው። ድክመት አስመስለው ያቀረቡት ምስጋና ነው። ይህን በአንድ ቀን ከበርካታ ተወዳዳሪ አፍ የሰማ ጠያቂ ብዕሩን ያስቀምጣል።

በሌላው ወገን ደግሞ ቅን የሆነው ልጅ አለ፤ የቅጥር ኮሚቴውን የንስሐ አባቱ ያደርገዋል። «ቶሎ እቆጣለሁ፤ ገንዘብ እጄ ላይ አይበረክትም» ሲል የሰማነው ነበር። ገንዘብ ያዥ ለመሆን የመጣ ልጅ ነው! እውነት መናገር ጥሩ ነው፤ እውነቱ ሁሉ ግን ለዚያ ጠረጴዛ አይደለም።

የምትወዳደርበትን ቦታ አስበህ ምረጥ። ባንክ ውስጥ አንዱ የመዘገበውን ሌላው አይቶ ያጸድቀዋል፤ የካዝናው ቁልፍም በአንድ ሰው እጅ አይተውም። ሥርዓቱ እንዲህ የተሠራው ሰው ይሳሳታል ተብሎ ስለታመነ ነው። ስለዚህ ባንክ ከሚሳሳት ሠራተኛ ይልቅ ስህተቱን የሚደብቅ ሠራተኛ ያስፈራዋል። «ቁጥር ላይ እቸኩላለሁ» ብትል በዚያው ያሰናብቱሃል። «ድክመት የለብኝም» ብትልም ነገ ስህተትህን የምትሸሽግ ሰው መስለህ ትታያለህ።

ያንተን እኔ ልንገርህ። ሲቸግርህ ቶሎ ሰው አትጠይቅም። ከልጅነትህ ጀምሮ ነው፤ የቤት ሥራ ሲከብድህ ወደ እህትህ ከመሄድ ይልቅ እያኮረፍክ ታመሽ ነበር። በተለማመድክበት ቦታ ኃላፊህ ይህን አይቶ፣ ያልገባህን በደብተር እየጻፍክ ከምሳ በፊት እንድታሳየው አዝዞህ እንደነበርና ሥራው እንደቀለለልህ ነግረኸኛል። ከዚህ የተሻለ መልስ አታገኝም። በራስህ አንደበት እንዲህ በለው፦ «ሥራ ሲከብደኝ ሳልጠይቅ ብቻዬን ልወጣው እሞክራለሁ፤ በዚህ ምክንያት በተለማመድኩበት ቦታ ሥራ ዘግይቶብኝ ያውቃል። ኃላፊዬ ጥያቄዎቼን እየጻፍኩ በየቀኑ እንዳቀርብ አደረጉኝ። አሁንም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ግን አልልም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትዝለላት። ሰሚውን የምታሳምነው እሷ ናት። ደብተሩን ትተኸው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጀምር፤ የማታደርገውን አትናገር። ጠዋት ስለ መነሣት ያለብህን ጉዳይ እዚያ አታንሣው፤ እሱን እኔና አንተ እንጨርሰዋለን።

ውሸቱ ቢያስቀጥርህ እንኳ ብዙ አያራምድህም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው የማይመጥን ሆኖ የተገኘን ሰው አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ካሳ ሳይከፍል ማሰናበት ይችላል። በቃለ መጠይቅ የሸፈንከውን በመስኮትህ ፊት ለፊት ደንበኛ ተሰልፎ እያለ መሸፈን አትችልም።

በእንግሊዝኛ ሊጠይቁህ ይችላሉ። መልሱን መጀመሪያ በአማርኛ አጥራው፣ ከዚያ በቀላል እንግሊዝኛ ተለማመደው፤ ሐሳቡ ሳይጠራ ቋንቋ አያድንህም። «ሌላስ ድክመት የለህም?» ብለው ቢገፉህ ሁለተኛ አዘጋጅ፤ ሦስተኛ አያስፈልግም። ወዲያው መልስ ካልመጣልህ ደግሞ ትንሽ ዝም ብለህ አስብ፤ ዝም አይነቅዝም።

ስለ ጠንካራና ስለ ደካማ ጎንህ የምትሰጣቸውን መልሶች በወረቀት ጻፋቸውና ከቃለ መጠይቁ በፊት ለእህትህ ድምፅህን አውጥተህ አሰማት። ስትቀባባ ቶሎ ታውቅብሃለች፤ ፊትህን አይታ ብትስቅ አትቆጣት፣ መልሱን ቀይረው። ከቃለ መጠይቁ ስትወጣ የጠየቁህን ሁሉ ሳትረሳው ጽፈህ ላክልኝ፤ ታናሽ ወንድምህ በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃልና ያስፈልገዋል።

አምላክ ይከተልህ።

እናትህ