የተሰበረው የዓባይ ድልድይና ግንበኞቹ

አንባቢ ሆይ፤ ከደብረ ታቦር ተነሥተህ ጉናን በስተ ግራህ እያየህ ወደ ደቡብ ብትወርድ እስቴ ትደርሳለህ። ከጉና በስተ ምሥራቅ ጋይንት፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ስማዳ አለ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ስለ ሆነ ለእነዚህ አገሮች የውሃ አባት ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ሲሄዱ፣ ሌሎች ወንዞች ደግሞ በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዓባይ እስቴንና ስማዳን ከጎጃም፣ በሽሎ ደግሞ ስማዳን ከወሎ ይለያል። እንግዲህ የዚህን አገር ሰው «መንገድህ ምን ይመስላል?» ብለህ ብትጠይቀው፣ ስለ ወንዝ ሳያነሣ ሊመልስልህ አይችልም።

ዛሬ ስለ አንድ የድንጋይ ሥራ ልንነግርህ ነው። ቦታው ቀድሞ በእስቴ ሥር በነበረው፣ አሁን ግን ራሱን የቻለ ወረዳ በሆነው በአንዳቤት በኩል ነው። ከደጋው ወደ ቈላው የሚወርደው መንገድ፣ ዓባይ በጠባብ ዐለት መካከል ተጨንቆ ወደሚያልፍበት ስፍራ ያደርስሃል። ማዶው የጎጃም ሞጣ ነው። በዚያ ስፍራ ከዐለት ወደ ዐለት የተዘረጋው የድንጋይ ድልድይ ሰባራ ድልድይ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የምታገኛቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የድልድዩን ነገር ለመረዳት አስቀድመን የኖራን ነገር ማወቅ ይገባናል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) የአገራችን ግንበኛ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያያይዘው በጭቃ ነበር። ጭቃ ደግሞ ከወንዝ ጋራ ጸብ አለው። በ1621 ግን ከህንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በአገሩ ውስጥ አገኘ። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፤ ከዚያ ውሃ ሲያገኝ ፈልቶ ይፈርሳል፤ በአሸዋ ሲለወስም ድንጋይን ከድንጋይ አጣብቆ ይደርቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1626፣ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ አላታ በተባለው ስፍራ ተሠራ።

ሰባራ ድልድይን ግን የአገሩ ትውፊትም የታሪክ ጸሐፊዎችም የሚሰጡት ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ነው። ፈረንጆች ሁለቱንም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሏቸዋል። አንተ ግን ነገሩን አስተውል። ፋሲለደስ በነገሡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን ከአገር አስወጥተዋል። ጎንደርን በ1636 ቈርቍረው ግንባቸውን ሲያሠሩ፣ በወንዞችም ላይ ድልድይ ሲያስጥሉ፣ ሙያው በአገር ግንበኛ እጅ ገብቶ ነበር። እርግጥ ነው፤ ዘዴው ከባሕር ማዶ መጥቷል። ነገር ግን ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ውሃ የቀዳው የበጌምድርና የጎጃም ሰው ነው።

ሥራውም ቀላል እንዳይመስልህ። ዓባይ በክረምት አያስጠጋም፤ ስለዚህ ግንበኛው የሚሠራው በበጋ ወራት ነው። አስቀድሞ ከዐለት ወደ ዐለት የእንጨት ርብራብ ይዘረጋል። በርብራቡ ላይ የተጠረቡት ድንጋዮች ከሁለቱም ወገን እየተደረደሩ እንደ ደጋን ጐብጠው ይመጣሉ። በመጨረሻ የመካከለኛው ድንጋይ ይገባና ሁሉንም ያስራል። ያን ጊዜ እንጨቱ ቢነሣ ቅስቱ አይወድቅም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ተጭኖ ይይዘዋልና። አንዱ ብቻውን አይቆምም፤ አንዱም ከወጣ ሌላው አይቀርም።

ድልድዩ ጎጃምንና በጌምድርን አገናኝቶ ነጋዴውን፣ ተማሪውን፣ ሙሽራውንና ወታደሩን ሲያሻግር ኖረ። ከዚያ የኢጣልያ ወረራ መጣ። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የመከራ ዘመን፣ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ሲሉ ዋናውን ቅስት እንደ ሰበሩት ይነገራል። አባቶች የሠሩትን ልጆች በገዛ እጃቸው አፈረሱ፤ አገር ለማዳን ነውና ማንም አይወቅሳቸውም።

ጠላት ወጣ፤ ስብራቱ ግን ቀረ። የእስቴና የሞጣ ሰው ዘመዱን ለመጠየቅ፣ ገበያ ለመውጣት ወይም በሽተኛ ለማድረስ ሲፈልግ ምን ያድርግ? በተሰበረው ቅስት ወዲያና ወዲህ ጐበዞች ቆመው ገመድ ይይዛሉ። ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ይታሰራል፤ ከበታቹ ዓባይ እየጮኸ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሳባል። ይህ የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ነገር እንዳይመስልህ። ልጅ ሆኖ በገመድ የተሻገረ፣ አርጅቶም በገመድ ተሻግሯል።

በ2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አንድ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለውን መጽሔት ሲያገላብጥ ይህን መሻገሪያ በፎቶግራፍ አየ። አይቶም ዝም አላለም። «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የሚባል ማኅበር አቋቋመና ከአገሩ ሰው ጋራ ሆኖ በ2002 ስብራቱን በብረት አገናኘው። በ2005 የዓባይ ሙላት መጥቶ ጥገናውን ወሰደው። ተስፋ ሳይቈረጥ፣ በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንተ እንተወው። ከ1941 እስከ 2002 ስድሳ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ድልድዩ መሰበሩን ያላወቀ አልነበረም፤ የሚሻገረው ገበሬ ያውቃል፣ ግብር የሚሰበስበው ሹም ያውቃል፣ ለሥራ የሚላከው ጸሐፊም ያውቃል። ሁሉም ከማየት ብዛት ለመደው። ፎቶግራፉን አይቶ የደነገጠው ሩቅ አገር ያለ ሰው ነበር።

አንተ ተማሪ ብትሆን ነገ መሐንዲስ ወይም መምህር ትሆናለህ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን ነገ ወደ አንድ ወረዳ ትመደባለህ። በደረስክበት ቦታ ሰው የለመደው አንድ ስብራት አይጠፋም። አገሩን ሳትለምድ፣ ዐይንህ ገና እንግዳ ሳለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያየኸውን ጻፈው።

ወደ እስቴ የሄድክም እንደ ሆነ እስከ ዓባይ ውረድ። የተጠረበውን ድንጋይ በእጅህ ዳስሰው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችንም ፈልገህ ስለ ገመዱ ጠይቃቸው። ድልድዩን የሠራው ማን ነው ብለህ ስትጽፍ፣ ከንጉሡና ከግንበኛው ቀጥሎ ስድሳ ዓመት ገመድ የያዙትን ጐበዞች አትርሳ። ቅስቱ በሌለበት ዘመን ድልድዩ እነርሱ ነበሩ።