ሃምሳ ፍሬ

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ የምትጠብቁት ስለ ቅኔ ወይም ስለ ልቦለድ የተጻፈ ክርክር እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። በዚህ ጊዜ ግን ስለ አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ፤ ስሟም ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ከመካከላችን ለአስም ወይም ለቆዳ ሕመም የዋጣት አይጠፋምና ነገሩ የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እንጀራ ደረቴ ውስጥ እየቆመ ያስቸግረኝ ጀመር። ቸኩሎ የመብላት ጠንቅ ነው ብዬ በውሃ አወርደው ነበር፤ በኋላ ግን ውሃውም አብሮ ይመለስ ጀመር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሐኪም ካሜራ ያለበት ቱቦ በአፌ አስገብቶ ካየ በኋላ፣ የምግብ መውረጃዬ በአለርጂ ምክንያት ተቆጥቶ መጥበቡን ነገረኝ። ለዚህ በሽታ የሚመረጠው እዚያው ቧንቧው ላይ እየተቀባ የሚወርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ የእኔ ስለ ከፋ ግን ኪኒኑን አዘዘልኝ።

ከማዘዙ በፊት የጠየቀኝ ጥያቄ አስቆኝ ነበር፦ «ቤታችሁ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ አለ? ልጅ ሳለህ በባዶ እግርህ ትሄድ ነበር?» መርሳ ያደገ ልጅ በአትክልቱ መስኖ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሩ ካልሄደ በምን ይሄዳል? ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ከአፈር በእግር ቆዳ የሚገባ አንድ ዓይነት ትል በሰው ሆድ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ኪኒን የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክምለት ግን ተራብቶ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። የተኛ ነቀርሳም እንዲሁ ይነሣል። ስለዚህ ሰገራዬና ሳንባዬ ተመረመሩ።

ትእዛዙ ይህ ነበረ። ለሁለት ሳምንት በየጧቱ ስምንት ፍሬ፤ ከዚያ በየአምስት ቀኑ አንዳንድ ፍሬ እየቀነሱ እስከ አንድ መውረድ። ሁልጊዜ ከቁርስ ጋር፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በብዙ ውሃ። ከእንደ ዲክሎፌናክ ካለ የሕመም ማስታገሻ ጋር አለመቀላቀል፤ ጨጓራን ያቈስላልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ በራስ ፈቃድ አለማቆም።

በአራተኛው ቀን እንጀራው ወረደ። በ1941 ዓ.ም. መስከረም ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በመገጣጠሚያ ሕመም መንቀሳቀስ ላቃታት አንዲት ሴት የዚህን መድኃኒት ታላቅ ወንድም ኮርቲሶንን ቢሰጣት በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ፤ ሄንችም በ1943 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ጕዳቱ ጎልቶ የታየው ከደስታው በኋላ ነው። እኔም የሄድሁት በዚያው መንገድ ነበር።

ሐኪሙ ዕረፍት ስለ ጻፈልኝ መርሳ ወረድሁ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበርና በሠፈሩ ጧት እሳት የሚያነድ ቤት አልነበረም። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድቆይ ፈለገች። የንስሐ አባታችን ሕመምተኛ ይብላ አሉ፤ ሙስሊሟ ጎረቤታችንም «እኛም ዘንድ በሽተኛ ያፈጥራል፤ ሲድን ይከፍላል» ብለው አገዙልኝ። በዚህ በኩል ተረታች፤ ፊቴ ግን አልዋጠላትም። ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ማንን መሰልህ?» ትለኛለች።

የአክስቴ ልጅ ግን ቀናችብኝ። ቀጭን ናትና «ወንድምዬ፣ ያወፈረህን ለእኔም ስጠኝ» አለችኝ። አራት ፍሬ ላይ ደርሼ ነበር፤ ጉሮሮዬ ደኅና ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ፊቴም አስጠልቶኛል። የቀሩትን ሃምሳ ፍሬ ከነፌስታሉ ሰጠኋት። አንድ ነገር አቁሜ ለሌላው ቸርነት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከአልጋዬ ስነሣ ዐይኔ ጨለመብኝ፤ አስመለሰኝም። ጤና ጣቢያ ያየችኝ ሲስተር መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን መድኃኒት ትወስድ ነበር?» ብላ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች በየቀኑ ተመሳሳይ ነገር ይሠራሉ፤ ኪኒኑ ለሳምንታት ሲተካቸው ያንቀላፋሉ፤ ድንገት ቢያቆሙት ሠራተኛ የሌለው ቤት ይሆናል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። «የቀረው የት አለ?» አለችኝ። ነገርኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጅቷ ትስላለች?» አለች።

ትስል ነበር። ሁለት ወር ሆኗት ነበር።

እየተደገፍሁ አክስቴ ቤት ደረስሁ። በቀን ሦስት ሦስት እየዋጠች አሥራ ሁለት ጨርሳ ነበር። ሠላሳ ስምንቱን ተቀበልኋት፤ አክታዋንም ልትመረመር ይዣት ተመለስሁ። ውጤቱ ነጻ ነው እስኪባል ድረስ ለፈተና እንኳ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ዐይኗ አታየኝም።

ሲስተሯ ከሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋግራ ከአራት ፍሬ እንድጀምር አደረገች፤ የጎደሉትን አሥራ ሁለቱንም ጻፈችልኝ። እናቴ ኪኒኑን ከስኒዎቹ መደርደሪያ አስቀምጣ፣ ራስዋ ሳትቀምስ፣ በየጧቱ ከዘይት ቂንጬ ጋር እየቆጠረች ትሰጠኝ ነበር። የመጨረሻዋን አንድ ፍሬ የዋጥሁት በሆሳዕና ዕለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ዘንባባ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተችና «አሁን ትንሽ ልጄን መሰልህ» አለችኝ።