ፍርሃቱ ያለው ጫካው ውስጥ ነው ወይስ ቢሮው ውስጥ?

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆነህ የገዳይ አሳዳጅ ታሪክ ታነባለህ?» ይሉኛል የዶርም ጓደኞቼ። አዎን፣ አነባለሁ! እንዲያውም ዛሬ አንዲት አውስትራልያዊት ደራሲ ይዤ ልከራከራችሁ ነው።

ሻርሎት ጄይ የብዕር ስሟ ነው፤ እውነተኛ ስሟ ጀራልዲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1919 አድሌድ ከተማ ተወልዳ በ1996 አረፈች። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ በችሎት ጸሐፊነት ሠርታለች። ያን ጊዜ አገሩን የምታስተዳድረው አውስትራልያ ነበረች፤ ነጻነቱን ያገኘው በ1975 ነው። ኋላም ብዙ አገር ዞራ ፓኪስታንንና ሊባኖስን የልብ ወለዶቿ መቼት አደረገች። በ1952 ያሳተመችው «ቢት ኖት ዘ ቦንስ» ደግሞ የአሜሪካ የምሥጢር ደራስያን ማኅበር በ1954 ለምርጥ ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውን የኤድጋር ሽልማት ወሰደ። ታላቁ ሬይመንድ ቻንድለር እንኳ ይህን ሽልማት ያገኘው ከሷ በኋላ፣ በ1955 ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስቴላ የምትባል ለጋ ሙሽራ ፓፑዋ ትመጣለች። በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረው አንትሮፖሎጂስት ባሏ ሞቷል። ሹማምንቱ «ራሱን ገደለ» ይላሉ። እሷ አታምንም። ታዲያ ማን ይርዳት? አንዱ ያባብላታል፣ አንዱ ይሸሻታል፣ ሌላው ወደ አገርሽ ተመለሺ ይላታል። በመጨረሻ ባሏ ወደ ሄደበት ሩቅ መንደር ጉዞ ትጀምራለች። መንደሩ ውስጥ ምን እንዳለ አልነግራችሁም፤ አንብቡት።

የመጽሐፉ ጥበብ የሚታየኝ ከዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈራን ሙቀቱ፣ ጥቅጥቅ ያለው ደን፣ የጥንቆላው ወሬ ነው። ገጹ በተገለጠ ቁጥር ግን ፍርሃቱ አድራሻውን ይለውጣል። ከጫካው ይወጣና ቢሮ ይገባል፤ ፋይል ታቅፈው በትሕትና የሚናገሩት ሰዎች ዘንድ ይቀመጣል። ጄይ ችሎት ተቀምጣ የሰውን ቃል ስትጽፍ ኖራለችና፣ ውሸት በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚነገር እዚያ ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም።

ወዳጆቼ «ይህም ቢሆን እኛን እንደ ጉድ ማየት ነው» ይሉኛል። ነገሩ እውነት አለው። «እንግዳ አገር» ሲባል ለማን ነው እንግዳ? ለተወለደበት ሰውማ ቤቱ ነው። ኤቭሊን ዎ እ.ኤ.አ. በ1930 ለንግሥ በዓል አዲስ አበባ መጥቶ ሲመለስ፣ በ1932 «ብላክ ሚስቺፍ» በተባለው ልብ ወለዱ አገራችንን የሚያስታውስ መሳቂያ ደሴት ፈጠረ። የሰው ቀልድ ማድመቂያ መሆን ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ጄይም ብትሆን በአመዛኙ የምታሳየን በነጮቹ ዓይን ነው፤ ፓፑዋው ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ በወጉ አንሰማም።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዎ ጣቱን ወደ አገሬው ሰው ቀሰረ፤ ጄይ ጣቷን የገዛ ወገኖቿ ላይ ቀሰረች። ያውም አገሩ ገና በቅኝ ገዥ እጅ ሳለ! ይህን ያደረገችው ደግሞ በስብከት ሳይሆን አንባቢውን እንቅልፍ ነሥታ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለኛ ነው። ያንኑ ታሪክ የመንደሩ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ምሥጢሩ ከየት ይጀምር ነበር? የኛም መዝገብ ቤቶች፣ የኛም ችሎቶች ያልተነገረ ሞልቷቸዋል። ከመካከላችን አንዱ ብዕሩን ያንሣና ይሞክረው። እኔ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።