ሳንጠይቃቸው ሄዱ

ፊዚክስ ጠየቅናቸው። አልጀብራ ጠየቅናቸው። ስለ ህንዱ የነፃነት ታጋይ ስለ ባጋት ሲንግ ግን አንድ ቀንም አልጠየቅናቸውም!

በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ብዙዎቻችን የህንድ መምህር ፊት ተቀምጠናል። ከጎንደር እስከ ጅማ ነበሩ። ብዙዎቹ እንግሊዝ አገራቸውን ስትገዛ ያደጉ፣ ነፃነቱ ሲታወጅ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። እኛስ? በአነጋገራቸው ቀለድን። ደወል ሲደወል ወጥተን ስለ ቼ ጉቬራና ስለ ሆ ቺ ሚን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራከርን። አብዮት የሚያውቅ ሰው ክራባት አስሮ የቤት ሥራ የሚያርም አልመሰለንም።

ምን ይነግሩን ነበር? ባጋት ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ከጓዶቹ ጋር ላሆር ላይ አንድ እንግሊዛዊ የፖሊስ መኮንን ገደለ። የፈለጉት ሌላ መኮንን ነበር፤ ሰው ተሳሳቱ። በ1929 ዴልሂ ሸንጎ ውስጥ ቦንብ ወረወረ፤ ሰው እንዳይሞት ባዶ ቦታ መርጦ። አልሸሸም፤ እጁን ሰጠ። እስር ቤት ገብቶ ለፖለቲካ እስረኞች መብት በረሃብ አድማ ተጋደለ። ጓዱ ጃቲን ዳስ በ63ኛው ቀን ሞተ። እሱ ተረፈ፤ ተርፎም አነበበ። ማርክስን፣ ሌኒንን፤ እኛ ያነበብናቸውን! ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እሱ በንባቡ የገዛ ሽጉጡን መረመረበት።

ሞት ተፈርዶበት ሊሰቀል ሰባት ሳምንት ሲቀረው ለወጣት ታጋዮች ጻፈ። በሽብር የሚገኝ ነገር የለም፤ ገበሬውንና ሠራተኛውን በትዕግሥት አደራጁ አላቸው። ይህን የጻፈው ፈሪ አይደለም። ገመዱ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ይህን ከአንድ መምህር አፍ ሰምተን ቢሆን ኖሮ! በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሽጉጥ የታጠቀው ልጅ ዕድሜው ስንት ነበር? ሃያ? ሃያ ሁለት? አንዱ የግራ ድርጅት ሌላውን «አናርኪስት»፣ ሌላው አንዱን «ባንዳ» እያለ በየመንደሩ ሲያሳድድ፣ ቆም በሉ የሚል ቃል አልነበረም? ነበር! ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞን ተጽፏል። ደርግ ጨራሽ ነበር፤ ማንም አይክድም። ግን ከጓዳችን ስንወጣ በገዛ እጃችን የያዝነውን ሽጉጥስ ደርግ ነው ያስያዘን? እንግሊዝኛ እናነብ ነበር። የሚያስረዳን ሰው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞልን ነበር። ማን ከለከለን? ማንም!

መምህራኑ ኮንትራታቸው ሲያልቅ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ባጋት ሲንግ ሲሰቀል 23 ዓመቱ ነበር። ከእኛ ስንቱ 23 ሳይሞላው ቀረ፤ መቃብሩ እስከ ዛሬ ያልታወቀም አለ።