የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከቀድሞው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አንጻር የአፍሪካን አዳራሽ ያገኛል። ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተርም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው።

የጎብኚ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው 150 ካሬ ሜትር በሚያህለው በአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት ላይ ነው። እኔ ዛሬ የማወሳው ግን ማንም ልብ የማይለውን ተራውን መስተዋት ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀን ይፋጃል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ያረጀ መስኮትም ቀን ሐሩሩን ያስገባል፣ ማታ ሙቀቱን ያስወጣል፤ ዕዳው በመብራት ሒሳብ ላይ ይወድቃል።

በህድሞ ያደግን ሰዎች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣራ ቀን እንደሚያቀዘቅዝ፣ ሌሊት እንደሚያሞቅ ከልጅነታችን እናውቃለን። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ አሮጌ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ በጥበብ የታነጸ ነበር። እድሳት በተባለ ጊዜ ግን የእንጨቱ መዝጊያ ወልቆ ተጣለና በስፍራው ሰፊ መስተዋት በአሉሚኒየም ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ አላስቀምጥ ስላለን፣ መጋረጃ ዘግተን በጠራራ ቀን መብራት አብርተን እንሠራ ነበር። ቤቱ መልኩን አጣ፤ ወጪውም በዛ።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግን አዳራሹን ያደሰው በሌላ መንገድ ነው። ሥራው ተፈጽሞ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት፣ የፊቱ መስተዋት ኃይል በሚቆጥብ አዲስ መስተዋት ተተክቶ፣ ሕንፃውም የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሮ ነበር። ሆኖም ብርቱካናማና ቡናማ የሆነው የውጭ ልብሱ በቀድሞው ቀለምና ሥርዓት ተሠራ፤ የጥንቱ ወንበርና ጠረጴዛም ታደሰ። በ1955 ያየው ሽማግሌ ዛሬ ቢመለስ ቤቱን አይስተውም።

አሮጌ ቤት በአደራ የተሰጣችሁ ሹማምንት ሆይ፣ መስኮቱን ከማውለቃችሁ አስቀድሞ ለምን እንደዚያ እንደ ተሠራ ጠይቁ። የሚጠገን እንደ ሆነ ጠግኑት፤ ንፋስ የሚያስገባውን ስንጥቅ ድፈኑ። መለወጥ ግድ ከሆነም ልኩንና ቀለሙን ጠብቃችሁ ለውጡ።